ሰዓዳና የወለላ እግር

ዛሬ ጠዋት ከማል ደውሎ «ሰዓዳ አረፈች» ሲለኝ «የትኛዋ ሰዓዳ?» አልኩት። የማውቃት አንዲት ሰዓዳን ብቻ ነው፤ የደወለልኝም የገዛ ወንድሟ ነው። 

ሐሙስ ዕለት እኮ ድምፅ ልካልኝ ነበር። ልቧን ስላመማት ይጁቤ እናቷ ቤት ትንሽ ልታርፍ እንደሄደች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሱቋን እንደምትከፍት፣ እስከዚያ አብረን የምናነበውን ልብ ወለድ አምስተኛ ቅጽ ለማንም እንዳላውስባት ነበር የምትለው። እየሳቀች ነበር የምታወራው።

ለማታውቋት፣ ሰዓዳ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ጨርቅና ክር ትሸጥ ነበር። በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ግራ እግሯ ስለቀጠነ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ለማስተማር ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ባንኮኒዋ ላይ «የምንጭ ጠሪዋ» የተባለው ልብ ወለድ ሁለተኛ ቅጽ ተደፍቶ አየሁ። እኔም እያነበብኩት ነበር። ይህን ስነግራት የጨርቁን ነገር ትታ «የት ደረስክ?» አለችኝ። ያን ቀን ያለ መጋረጃ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁት ደግሞ፣ ወለላ ከተወለደች ጀምሮ የምታነክስ ልጅ ናት። ምንጮቹ ሁሉ በደረቁበት አገር ከድንጋይ ሥር ያለውን ውሃ የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ሮጠው የሚያልፉትን ቦታ እሷ ቀስ ብላ ነው የምትረግጠው።

እኛ የንባብ ቡድኗ አባላት ቅጹን ለመጨረስ ስንጣደፍ ሰዓዳ «ቀስ፣ መንገዱ አይሸሽም» ትለን ነበር። ብዙ ሰው ከመጽሐፉ የመጣ አባባል ይመስለዋል። አይደለም፣ የራሷ ነው።

ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም ከተማችን የገባ ጊዜ የንባብ ቡድናችን አንድ ረድፍ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጁስ ቤት ገብተን የሆነው እናንተም ቤት የሆነው ክርክር ነው። አንዱ ዘንዶው ጎማ ይመስላል አለ፣ ሌላዋ የተዋናዮቹን ልብስ አንድ በአንድ ነቀፈች፣ እኔም መጨረሻውን ለምን ቀየሩት ብዬ ተንገበገብኩ። ሰዓዳ የአቮካዶ ጁሷን በማንኪያ እያማሰለች ስታዳምጠን ቆየችና፣

«እግሯስ?» አለች።

 በፊልሙ ወለላ አታነክስም። ተራራውን የምትወጣው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለች ነው። ሁላችንም አይተነዋል፤ ያነሳው ሰው ግን አልነበረም። ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን ብርሃኑ ሊያጽናናት ብሎ «ለፊልም አይመችም ብለው ይሆናል» አላት።

«እሱማ ለእኔም አይመቸኝም» አለች።

ከዚያ ትንሽ አወራችልን። እሷ ስታነብ ባደገቻቸው መጻሕፍት የሚያነክስ ሰው ወይ ለማኝ ነው፣ ወይ ክፉ ነው፣ ወይ መጨረሻው ላይ በተአምር ይድናል። ወለላ ግን አትድንም። እያነከሰች ነው የተራራው ጫፍ የምትደርሰው። እዚያ ምዕራፍ ላይ የደረሰች ቀን በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ እንዳለቀሰች ያን ዕለት ነው የነገረችን።

በማግስቱ የአንባቢው ቁጣ ወለላን ሆና ወደተጫወተችው ተዋናይት ዞረ። ከእኛም ውስጥ ገጿ ላይ እየገቡ የሰደቧት ነበሩ፤ ለሰዓዳ መቆማቸው ነበር። ሰዓዳ አልወደደችላቸውም። ልጅቷ ሩጪ ተብላ ሮጠች እንጂ የወለላን እግር ያቃናችው እሷ አይደለችም ብላ ተቆጣቻቸው። እሷ ያደረገችው ሌላ ነው። ሱቋ ውስጥ ምርኩዟን አጠገቧ አስደግፋ ያንኑ የተራራውን ምዕራፍ ስታነብ በስልክ ተቀረጸችና ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው። በንባቡ መሃል ደንበኛ ገብቶ ነጭ ክር ሲጠይቃት ይሰማል።

ያን ቪዲዮ ካዩት አንዱ ጌታነህ ነው። ጌታነህ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዓባይ ቁልቁለት ላይ አደጋ ደርሶበት አንድ እግሩን ካጣ ወዲህ ደጀን ካለው ቤቱ አይወጣም ነበር። በአውቶቡስ መጥቶ፣ ሱቋን አጠያይቆ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ አውሺኝ አላት። በዕድሜው ልብ ወለድ አንብቦ አያውቅም። አምስቱንም ጨረሰ።

ጨርሶ ሲያበቃ ፊልሙንም በስልኩ እንዳየው፣ እንደወደደውም ነገረን። ተንጫጫንበት። ሰዓዳ ግን ምኑን እንደወደደው ጠየቀችው።

«ሲሮጡ ማየት ደስ ይለኛል» አላት። «እኔ በህልሜ አሁንም እሮጣለሁ።»

እሷ በህልሟም ሮጣ እንደማታውቅ ነገረችው። ከዚያ ከእኔ ላፕቶፕ ተዋሰችና እዚያው ሱቋ ውስጥ፣ በጨርቁ ጥቅልሎች መሃል፣ ከጌታነህ ጋር ፊልሙን እንደገና አየችው። እንዴት ነበር ስንላት ትንሽ አሰበች።

«ወለላ አይደለችም» አለች። «ግን ስትሮጥ ታምራለች።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በቡድናችን ስለዚያ ፊልም የተጣላ ሰው አላስታውስም። ጌታነህም በየቅዳሜው ይመጣ ነበር።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ይጁቤ ቀበርናት። በእስልምና ጀናዛ ወደ መቃብር አይዘገይምና ወንዶቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ በፈጣን እርምጃ ዳገቱን ወጡ። ጌታነህ በክራንቹ ሊከተል ታግሎ መሃል ላይ ቆመ። እኔም አብሬው ቆምኩ።

ሰዓዳ፣ ዳገት ስንወጣ ሁልጊዜ መታጠፊያው ላይ ቆመን የምንጠብቅሽ እኛ ነበርን። ዛሬ ቀደምሽን፤ አልደረስንብሽም።

አላህ በጀነት ያኑርሽ፣ እህቴ። በሰላም ግቢ።