ለእናቴ ልጅ ዋስ ሆኜ

ወንድሜ ፓርክላንድስ ሰፈር አፓርታማ ሊገዛ ሲነሳ ከሱ በላይ የፈነደቅኩት እኔ ነበርኩ። ኢስትሊ ያለችው ምግብ ቤቴ ለገባ ለወጣው ሁሉ፣ ክክ ሊያራግፍ ለመጣው ሳይቀር፣ "ታናሼ ቤት ሊገዛ ነው" እያልኩ አወራሁ። ባንኩ ግን ወንድሜ ነጋዴ እንጂ ደሞዝተኛ ስላልሆነ ዋስ አምጣ አለው፤ ዋስ ብቻም ሳይሆን ንብረት የሚያሲዝ ዋስ። እኔ ያለችኝ አንዲት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ናት። ባሌ ከሞተ በኋላ ወጥ እየሠራሁ፣ እሳት ላይ እየቆምኩ ያፈራኋት ናት። ለልጄ ነበር ያሰብኳት፤ ሌላ የማወርሳት የለኝም።

"እትዬ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው" አለኝ።

ፊርማ ብቻ! እኛ አገር ዋስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጅ ሥራ ሲቀጠር አጎቱ ሄዶ ይፈርምለታል፣ ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ፣ ከዚያ በኋላ አጎትየውን ዞር ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህ ልጅ ወገን አለው፣ የሰው ልጅ ነው ማለት ነው፤ በቃ። እኔም የፈረምኩት ይህንኑ መስሎኝ ነው። የባንኩ ሠራተኛ፣ አይ ደግ ልጅ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ ለራስሽ ጠበቃ አሳዪ ብሎኝ ነበር። "ለእናቴ ልጅ ጠበቃ ላቁም?" ብዬ ሳቅኩበት። ወንድሜም ሳቀ።

ልጄ ግን አልሳቀችም። እዚሁ የሰው አገር ተወልዳ ያደገች ናት። "እማ፣ ሲሪየስሊ፣ ጋራንተር ማለት እኮ እሱ ካልከፈለ አንቺ ትከፍያለሽ ማለት ነው" አለችኝ። በአጎትሽ ላይ አፍሽን አትክፈቺ ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ትንሽ እንደቆየ ወንድሜ ከውጭ ያስመጣው ዕቃ ሞምባሳ ወደብ ላይ ተይዞ ቀረና መክፈል አቆመ። ለእኔ ትንፍሽ አላለም። "እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" አለኝ በኋላ። ኤዲያ! የሰማሁት ከባንኩ ነው። አፓርታማውን በሐራጅ ሸጡት፣ በርካሽ፣ ዕዳውን አልሸፈነም። የቀረው ወደ እኔ ዞረ። ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት ያኔ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ አነበበና፣ "አንቺ እኮ የፈረምሽው እንደ እሱ ባለዕዳ ለመሆን ነው" አለኝ።

ከወንድሜ ጋር ተኳረፍን። ስልኩን አላነሳም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳየው በሌላ በር እወጣለሁ። ሰው ይህን አይቶ ዝም አይልም፤ ሦስት ሽማግሌ ገባ። አንደኛው የሞያሌ ሰው፣ የኢስትሊ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሙስሊም ናቸው፤ ሁለቱ ከደብራችን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሜን ድንጋይ አሸክመው ምግብ ቤቴ ድረስ አመጡት። እንደዚያ አንገቱን ደፍቶ ሳየው አንጀቴን በላው። ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ አልኩ። ተሳሳምን፣ አለቀስን። "ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር የሚያነሳ ፈጣሪ ይፍረድበት" ብለው ገዘቱን። አሜን አልኩ።

እርቁ ሽማግሌዎቹን ልብ ሰጣቸው። ወንድምና እህት ከታረቁ ባንኩስ የማይታረቅበት ምን ምክንያት አለው? ብለው ተነሱ። አትሳቁብኝ፣ እኔም አምኛለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እነሱ ኮታቸውን ለብሰው፣ በዌስትላንድስ መንገድ ተጨናንቀን ባንኩ ደረስን። የባንኩ ኃላፊ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ውኃ አስቀረበችልን። የሞያሌው ሽማግሌ በስዋሂሊ ነገሩን ሁሉ ከሥሩ ዘረዘሩላት፤ ወንድምየው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደጠየቀ፣ እህትየው ይቅር እንዳለች፣ አሁን የቀረው የባንኩ ይቅርታ ብቻ እንደሆነ። እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም።

"ፖሌ፣ ምዜ"፣ አዝናለሁ አባባ ማለቷ ነው፣ አለች ከልቧ አዝና። "በመታረቃቸው ደስ ብሎኛል። ባንኩ ግን ከማንም ጋር አልተጣላም።"

የቀረበልንን ውኃ ጠጥተን ወጣን።

ቤቴ ተሸጠች። ጠበቃው ጥቂት ወራት ከማጓተት በቀር ያመጣው ነገር የለም። እኔ ግን ከቤቷ ይልቅ ያነቀኝ ምን ነበር መሰላችሁ? መጮህ አለመቻሌ። አንድ ቀን ደብር ግቢ ውስጥ ሆድ ብሶኝ ሳለቅስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጠጋ አሉና፣ "ልጄ፣ ይቅር ብለሽ የለም እንዴ?" አሉኝ። ብያለሁ። ሰው ፊት፣ በእግዚአብሔር ስም ብያለሁ። ባንክ ቤቴን ወሰደ፣ እርቁ ንዴቴን ወሰደ፤ ባዶዬን ቀረሁ።

ከቤቷ የወጣን ቀን ወንድሜ ፒካፕ ተከራይቶ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን በተሻለኝ። አልጋውን ብቻውን በጀርባው አወረደ፣ ቁም ሳጥኑን ፈታታ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ሠራ። እኚያ ደብር ግቢ ያናገሩኝ ሽማግሌም ሊያግዙን መጥተው ነበር። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አጎቷ በአጠገቧ ሲያልፍ ሰላም ቢላት ቀና ብላ አላየችውም።

ሁለተኛ ሞከረ። ሻንጣዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"እትዬ፣ ልጅሽን ምከሪያት እንጂ" አለኝ፣ ፊቱ ጠቁሮ። "ታርቀናል እኮ።"

ሽማግሌው እኔን እኔን ያያሉ። ልጄም ቀና ብላ እኔኑ አየችኝ፤ አንድ ነገር እንድል እየጠበቀች።

"ተነሺና አጎትሽን ሳሚ!" ብዬ ጮኽኩባት።

ተነስታ ሳመችው። ከዚያ ሻንጣዋን ይዛ በአጠገቤ አልፋ ወረደች። አሁን ከምግብ ቤቱ ጓሮ አንዲት ክፍል ውስጥ አብረን እንተኛለን፣ ታግዘኛለች፣ ታዘዢ ያልኳትን ትታዘዛለች። እማ ብላ ግን አትጠራኝም።