ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ

በጋሼ ሳልህ ሙዚቃ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የጨበጥኩት ጥጥና አልኮል ነው። «ብንቲ፣ ልጄ፣ ቅድሚያ ሄዱን ጥረጊ» አሉኝ፣ የካሴቱ ክር እየታከከው የሚያልፈውን ትንሽ ብረት እያሳዩኝ። «የአሰብ አየር አቧራና ጨው ነው። ይኼ ከቆሸሸ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የዘፈነ ይመስላል።» ጠርጌ ስጨርስ ቬንቲሌተሩን ወደ እኔ አዞርኩት። እሳቸው መልሰው ወደ ማሽኖቹ አዞሩት። «አንቺ ውኃ ትጠጫለሽ፤ እነሱ ምን ይጠጣሉ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ላቤን እየጠረግሁ መሥራት ለመድኩ።

ሥራችን ካሴት መቅዳት ነበር። ደንበኛው የሚወዳቸውን ዘፈኖች ይነግረናል፤ እኛ ከየካሴቱ እየለቀምን በአንድ ላይ እንቀዳለታለን። «ቅልቅል» እንለው ነበር። ከራሔይታ ዓሣ ይዘው የሚመጡት የየመን ዑድ ይወዳሉ። የተሳቢ ሾፌሮች እንቅልፍ የሚያባርር ይሁን እንጂ ቋንቋው አይገዳቸውም። ዘመኑ የደርግ ነውና በአብዮት በዓል ሰሞን ቀበሌው ማርሽ ያስቀዳል። ማርሹን ያመጣው ጓድ በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በካሴቱ ሌላው ፊት ትዝታ ጣል አድርጊበት» ይለኝ ነበር። ጣል አደርግበታለሁ።

መብራት ሲደክም አይቀዳም። ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ እንደተመለሰ ካሴቱን ባንኮው ላይ ወረወረው። «ብርነሽ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ያን የመሰለ ጎልማሳ ዘፋኝ ጫጩት አድርገሽ ሰጠሽኝ! ረዳቴ እስከ ሚሌ ሲስቅብኝ ሄደ።» ጋሼ ሳልህ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አስረዱኝ። ኃይሉ ሲያንስ የመቅጃው ሞተር ይንቀራፈፋል፤ እየተንቀራፈፈ የተቀዳው ዘፈን ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይሮጣል። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይኔ አምፖሉ ላይ ነው፤ ቀላ ካለ አቆማለሁ።

ጋሼ ሳልህ የማያወላውሉባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። ዘፈን መሃል ላይ አይቆረጥም፤ የቀረው ክር ካልበቃ ባዶውን ይቀራል። ካሴቱ የስጦታ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ያሉት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበራሉ። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ሲገባ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም፤ ማንም ተሳስቶ ሌላ ነገር አይቀዳበትም።

ደምሴ የወደብ ክሬን ነጂ ነበር። የመርከብ ጭነት እንደ ሳፋ አንስቶ ያወርዳል፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ቃል ያንቀዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጭር ባለበት መጣ።

«ሲስተር ጽጌን ታውቂያት የለ?»

የጤና ጣቢያዋን ነርስ የማያውቅ አልነበረም፤ የእኛም ደንበኛ ናት። «ምነው?»

«ወልድያ ተዛወረች። ቅዳሜ መሄዷ ነው።»

«ታዲያ ንገራታ!»

«ዘፋኞቹ ይንገሩልኝ» አለና ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። እኛ ሱቅ የፍቅር ካሴት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። እኛ ጋ ይቀመጣል፤ ሴትዮዋ ስትመጣ እናቀብላታለን። ካልፈለገችው ለእኛው ትመልሰዋለች፤ ማንም ማንንም አያሳፍርም።

ደምሴ ሁሉንም እንጉርጉሮ ሊያደርገው ነበር። «ገና ሰላም ሳትላት አታልቅስባት» አልኩት። በጨዋታ ዘፈን ጀመርን፣ የሱዳን ዘፈን አስገባን፣ በባቲ አለፍን፣ በአምባሰል ጨረስን። እንዲህ ልቤን ሰጥቼ የቀዳሁት ካሴት ትዝ አይለኝም። ከአምባሰሉ በኋላ ትንሽ ክር ተረፈ።

«ይኼን ባዶ ሙዪልኝ፤ የሰሰትኩ ይመስላታል።»

«የሚበቃ ዘፈን የለም።»

«ግማሹንም ቢሆን!»

ጋሼ ሳልህ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ወላሂ አይሆንም። አንገቱ የተቆረጠ ዘፈን ለሴት አይሰጥም» አሉ። ደምሴ አኩርፎ ወጣ። እኔ ጥርሶቹን ሰብሬ ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ጽጌ መጥታ ወሰደችው። ሐሙስ ዕለት ሱቁ በሾፌሮች ተሞልቶ ሳለ ተመልሳ ገባችና ካሴቱን ባንኮው ላይ አኖረችው። «ለባለቤቱ መልሽልኝ» አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም። ወጣች።

ደምሴ ከሥራ ሲወጣ በዘይት እንደተለወሰ መጣ። ካሴቱን ገፋ አደረግሁለት። አልነካውም።

«በቃ?»

«ይዛው መጣች። ሌላ ምንም አላለች።»

«እንግዲያው ማርሽ ቅጂበት» አለኝ። «ለቀበሌው ስጭው። ቢያንስ እነሱ ይሰለፉበት።»

እንዲህ ያለ ካሴት ቤቱ እንዲወስድ አልፈለግሁም፤ የሚረሳት መሰለኝና እሺ አልኩት። ካሴቱን ከትቼ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቁልፉ ወረደ።

ደንግጬ አቆምኩት። ጥርሶቹን የሰበርኩ እኔ ነኝ፤ መውረድ አልነበረበትም። አውጥቼ ጀርባውን ሳየው ከሰበርኳቸው ጥርሶች የአንዱ ቀዳዳ በነጭ ፕላስተር ተሸፍኗል፤ የቁስል ፕላስተር፣ በመቀስ ልክ ልኩን የተቆረጠ። ያንን ቀዳዳ የሚሸፍን ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው፤ መቅዳት።

«ደምሴ፣ ቁጭ በል» አልኩና ክሩን ወደ መጨረሻው አጠነጠንኩት። አምባሰሉ አለቀ። ትንሽ ሽሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቀጭ አለና የጽጌ ድምፅ መጣ።

«ደምሴ፣ ዘፋኞቹን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንተን ግን አልሰማሁህም። አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የምትለው ካለህ ና እና በገዛ አፍህ በለኝ። እየጠበቅሁህ ነው።»

ጋሼ ሳልህ «ማሻአላህ!» ብለው ተነሡ። ደምሴ ግን አልተነሣም። «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። ከዚያ ዘይቱን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ጤና ጣቢያው በሩጫ ሄደ፤ ካሴቱንም ረሳው።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ሊወስደው መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ነገርካት?»

«ተንተባተብኩ» አለኝ። «እሷ ጨረሰችልኝ።» ካሴቱን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠኝ። «ብርነሽ፣ ይኼን ፕላስተር አንሺልኝ። በድምፅዋ ላይ ማንም እንዳይቀዳበት።»

በጥፍሬ ልጬ አነሣሁለት። ከክረምቱ በኋላ ጋሼ ሳልህ ካልሄድኩ ብለው ሽማግሌ ሆነው ወልድያ ድረስ ተጓዙ፤ በሱቁ ታሪክ ከዚያ ርቀው የሄዱበት ጉዳይ የለም።

ብዙ ካሴት ቀድቻለሁ። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ ለሰው የሚሰጥ ካሴት እስከ ጫፉ አይሞላም።