የአርባ ስድስቱ ጅባራዎች መምህር

መምህርት የትነበርሽ ዳኛው መጀመሪያ አስተማሩኝ፤ ኋላም በዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ክፍል አብሬያቸው ሠራሁ። አባታቸው ጎንደር ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጃቸው ሐኪም እንድትሆንላቸው ቢመኙም እርሷ የመረጠችው ዕፅዋትን ሆነ። ቅጠል ስትሰበስብ ያያት የሰፈር ሰው፣ የዳኛው ልጅ ደብተራ ልትሆን ነው ወይ እያለ ይስቅ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳሉ ከደባርቅ በላይ ወዳለው ውርጫም ደጋ ወጡ። እዚያ ጓሳ በሚባለው ሣር መሐል ጅባራ ይበቅላል። ግንዱ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅጠል ይሸከማል። በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። በስንት ዓመቱ እንደሚያብብ የሚነግር መጽሐፍ ግን መምህርት አላገኙም። ስለዚህ አርባ ስድስት ጅባራ መርጠው በእያንዳንዱ ሥር ችካል ተከሉ፣ በችካሉም ላይ ቁጥር የተቀረጸበት ቆርቆሮ ቸነከሩ። በየዓመቱ ጥቅምት እየሄዱ ግንዱን ከመሬት እስከ ቅጠሉ ሥር በሜትር ይለኩ ጀመር።

የአገሩ ሰው ወርቅ ፈላጊ ናት አላቸው። አያ ላቀው የሚባሉ የገብስ ገበሬ ግን ከማሳቸው ወጥተው ፊት ለፊት ጠየቋቸው።

«ምነው እቴ፣ በዱር ተክል ላይ ቁጥር የምትሰቅይው?»

«በስንት ዓመቱ እንደሚያብብ ለማወቅ ነው፣ አያ።»

«መጽሐፉ አይልም?»

«እኔ ያነበብሁት አይልም።»

መጽሐፍ የማያውቀው ነገር ማሳቸው ዳር ቆሞ ኖሯል። አያ ላቀው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደ ተለዋወጠ መምህርት ደጋግመው ያወሩን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሜትሩን አንድ ጫፍ የሚይዙት እርሳቸው ሆኑ።

መምህርት ትዳር ያዙ፣ ሁለት ልጆች ወለዱ። ያረገዙ ጊዜ እንኳ በበቅሎ ወጥተዋል። እኔ በተማሪነቴ አብሬ በሄድሁበት ዓመት ቁጥር ሃያ ሦስት አብቦ አገኘነው። አበባው የተደረደረበት ዘንግ ብቻውን ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ወፎች ከበውት ይንጫጫሉ። መምህርት ደብተራቸውን ገልጠው ከዕድገቱ ዕድሜውን አሰሉና ከነጠላቸው ሥር አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት።

«ይሄ የኔ ታላቅ ነው» አሉን።

በ2013 ዓ.ም. መምህርት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጦርነቱም መጣ፤ መንገዱ ይዘጋ ይከፈት ጀመር። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ የተለካው ጅባራ አራት ዓመት ሳይለካ ቀረ ብለን ነበር። መምህርት የሕመማቸውን ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ይህ ያንገበግባቸው እንደ ነበር እኔ አውቃለሁ።

በ2016 ኅዳር፣ መንገዱ የተከፈተ ሰሞን፣ አያ ላቀው አንድ ማዳበሪያ ተሸክመው ጎንደር መጡ። እኔ መምህርትን ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ነበርሁ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ መምህርት ስለ ተቋረጠው ሥራ በሐዘን ነገሯቸው። አያ ላቀው ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ዘረገፉት። የቃጫ ገመድ ነበር፤ በሕይወት ለቀሩት ጅባራዎች ለእያንዳንዱ አንድ፣ ሠላሳ አምስት ገመድ። በየገመዱ ጫፍ ትንሽ እንጨት ታስሯል። ፊደል ስላልቆጠሩ የቆርቆሮውን ቁጥር እንደ ሥዕል እያዩ እንጨቱ ላይ ቀርጸውታል፤ የዐሥራ ሰባት ሰባቷ ዞራለች። በየገመዱ ላይ አራት ቋጠሮ አለ። ጥቅምት በደረሰ ቁጥር ተኩሱ ጋብ ሲል እየጠበቁ ወጥተው፣ ግንዱ የደረሰበት ላይ እየቋጠሩ ኖረዋል።

መምህርት ደብተሩን አስመጡ። እኔ ገመዱን በሜትር እየለካሁ ስነግራቸው እርሳቸው ከድሮው ልክ ጋር ያስተያያሉ። የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ቋጠሮ ከመጨረሻው ልክ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ይገኛል። ቁጥር ሠላሳ ግን አናቱን በረዶ መትቶት ለዓመታት እምብዛም ያላደገ ጅባራ ነው፤ በእርሱ ገመድ ላይ አራቱ ቋጠሮዎች እርስ በርስ ተነባብረው ነበር። መምህርት ያን ጊዜ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ምነው አያ፣ እንዲህ ተኩስ ባለበት?»

«አንቱ ታመዋል፣ መንገዱም ተዘግቷል» አሉ አያ ላቀው። «ተክሉ ግን ማደጉን አላቆመም፣ መምህር።»

ጥናቱ በተከታዩ ዓመት ሲታተም መምህርት የአያ ላቀውን ስም ከራሳቸው ስም ቀጥሎ አስገቡ። የታተመውን ወረቀት ሲያዩ አያ ላቀው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያባቴስ ስም አለ?»

«አለ። ላቀው አስማረ ይላል።»

መምህርት የአያ ላቀውን ጣት ይዘው ቦታውን አሳዩዋቸው። አያ ላቀው ጣታቸውን ከዚያ ለማንሳት አልቸኮሉም።

መምህርት ባለፈው ሰኔ ዐረፉ። ጥቅምት ላይ ስድስት ሆነን ወጣን፤ ሁለት ጅባራዎች አብበው ጠበቁን። አያ ላቀው ጉልበታቸው ስለ ደከመ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የምንጠራውን ልክ ያዳምጣሉ። አንዱ ላይ አስቆሙንና በሁለት ጣት ዝቅ ብላችኋል አሉን። ደግመን ለካን። እርሳቸው ልክ ነበሩ።