«ምንም አይልም» ያልኩት ማስታወቂያ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ ስለ ጾም መሻር፣ ስለ ሐሜት የምናዘዘው አላጣም፤ ይህን ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ሰቆጣ ውስጥ ሰው መምህር እያለ ይጠራኛል። የምታወቀው በማንበብና ሁሉም የተስማማበትን በመቃወም ነው። ያን ሰሞን የምቃወመው የስልክ አፕዴትን ነበር። ነጋ ከሚባለው ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ፣ አምራቾቹ ደህናውን ስልክ አስረጅተው አዲስ ሊያስገዙን ነው እያልኩ ለመጣ ለሄደው እሰብካለሁ። ስብከቱ ጨርሶ ሐሰት አልነበረም። ይህን የምለው ለማመካኘት ይሆን? ይሆናል።

እማማ ትርፌ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከጎረቤታችን ወረዳ ከዝቋላ ለገበያ ሲመጡ ስልካቸውን የሚያሳዩት ለእኔ ነበር። በመንደራቸው ኔትወርክ የለም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ልጃቸው ዝናሽ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ሲም ስለማይፈቅዱላት በቤቱ ዋይፋይ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ እናቷ ከተማ ሲደርሱ ሰምተው ይመልሳሉ። ውሏ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ትመጣለች ወይስ ትቆያለች? እማማ ትርፌ የሚጠብቁት ይህንኑ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ መጣ። ስልኩ አዲሱን ሲስተም ካልጫነ መልእክት መላላኪያው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አይሠራም ይላል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

«ምን ይላል ልጄ? ልንካው?» አሉኝ።

ነጋ ከሱቁ አንገቱን ብቅ አደረገ። «እማማ፣ እሳቸውን ነው የሚጠይቁ? መምህር አፕዴት ከሚያደርጉ ቢሞቱ ይመርጣሉ!» ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ።

«ምንም አይልም፤ የነጋዴ ወሬ ነው። አይንኩት» አልኳቸው።

እኔ ነኝ ያልኩት። አላነበብኩም እንዳልል አንብቤያለሁ፤ አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ አንዲትን እናት ዋሸሁ። ሰው ይህን ሁሉ መጽሐፍ የሚያነበው ለዚህ ነው?

ወሩ ከገባ በኋላ ሦስት ጊዜ መጡ። «ዝም አለችኝ» ሲሉኝ፣ «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አልኩ። ቤቴ ዋይፋይ ነበረ፤ አፕዴቱ አንድ ሰዓት አይፈጅም ነበር። በሦስተኛው ለድካምህ ብለው ማር በጠርሙስ አመጡልኝ። ተቀበልኩ። በላሁትም።

በአራተኛው እኔ ስዘገይ ነጋ ዘንድ ገብተው አገኘኋቸው። አፕዴት አድርጎላቸው የዝናሽ ድምፅ ተራ በተራ ይወጣል። «እማዬ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው፤ ልምጣ?» «እማዬ፣ ያሰብኩትን ያህል አልያዝኩም፤ ቢሆንም ልምጣ?» የመጨረሻው ድምፅ ቀዝቅዟል፦ «ዝምታሽ ገብቶኛል እማዬ። ባዶ እጅሽን አትምጪ ማለትሽ ነው። ሁለት ዓመት ፈርሜያለሁ።»

«እኔ መቼ ዝም አልኩሽ?» አሉ ስልኩን። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ምን ነክቶት ነው?»

ነጋ አየኝ። በገበያው ሁሉ ፊት የሚያዋርደኝን ቀልድ ጠበቅኩ።

«ስልኩ አርጅቶ ነው፣ እማማ» አለ።

እፈራው የነበረው ሰው ዋሸልኝ። እኔም «አዎ፣ አርጅቶ ነው» አልኩ።

ያ ሁለት ዓመት አልቆ ሌላ ተፈርሟል። እማማ ትርፌ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን በጽሑፍ ያወጣሁትም ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ነው።