በወንድሜ ጥርስ ላይ ያየሁት ደም

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ አያውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። የነፍስ አባቴ በየጊዜው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች መስቀል አልያዛችሁም፤ ልትፈቱኝም አትችሉም። ምናልባት የደፈርሁት ለዚሁ ይሆናል። የምጽፈው በር በተንኳኳ ቁጥር ወረቀቱን እየደበቅሁ ነው።

ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ ብል፣ ትንኝ ናት እንጂ ምን አድርገሽ የሚለኝ አይጠፋም። እርግጥ የነከሰችው ትንኝ ናት። ተጠይቄ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ።

ቤታችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ቀበሌ ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች ታናሼን ፍሬውን ያሳደግሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። አድጎ ዲያቆን ሆኖ፣ ድምፁ ደብሩን ሞልቶት እንኳ፣ ለእኔ ንፍጡን የምጠርግለት ልጅ ነበር። አባታችን ሲያርፉ አጎታችን ቄስ መንግሥቴ እንደ አባት ሆኑልን። የነፍስ አባታችንም እሳቸው ናቸው። ለምን እንዳልተናዘዝሁ አሁን ገባችሁ? ቁጡ አልነበሩም፤ ግን ስለ ቤተ መቅደስ ሥርዓት ሲናገሩ ፊታቸው ይለወጥ ነበር፤ እኔ ያን ፊት እፈራዋለሁ።

ፍሬው ከአባታችን ሞት በኋላ ለቀን ሥራ አፋር ወረደ፤ ሎግያ ግንባታ ላይ ይሠራ ነበር። እኔ ደግሞ ለአንድ ዲያቆን ታጭቼ ነበር። በቁርባን እንጋባና እሱ ቅስና ይቀበላል ተብሎ ነገሩ ሁሉ አልቋል። የቄስ ሚስት ልሆን ነው። ይህን ማዕረግ ምን ያህል እፈልገው እንደነበር ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

የአባታችን ሙት ዓመት ሲደርስ ፍሬው ሊቀድስ መጣ። ጋሸና ላይ ከአውቶብስ ሲወርድ እግሩ አልሸከም ብሎት እንደነበር ኋላ ነው የነገረኝ። ሰውነቱ ይነድዳል፤ ዓይኔን ከወደ ኋላ አመመኝ ይላል፤ አጥንቴ ተሰበረ ይላል። የእኛ አገር ብርድ ነው፤ ትንኝ የሚባለውን በወሬ ነው የምናውቀው። ከቆላ የመጣ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ነው እንላለን፣ አለቀ። ወንድሜ ግን ሎግያ አብረውት ከሚያድሩት ልጆች ብዙዎቹ እንደታመሙ፣ አንዳንዱ ጉልበቱና ጣቱ አብጦ እንደ ሽማግሌ ጎብጦ እንደሚሄድ፣ አንዳንዱ ገላው ቀይ ሽፍ እንዳለበት ነገረኝ። በሙት ዓመቱ ዋዜማ ትኩሳቱ ለቀቀው። እልል አልሁ። «አብሽሪ እታለም፣ ድኛለሁ» አለኝ፤ ደግሞም «ለሠርግሽ ያሰብሽውን በሬ ለኔ ልታርጂው ነበር አይደል?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ቀደሰ። ቆረበ።

ሥርዓቱን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። የቆረበ ሰው ደግሞ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በዚያ ቀን አይተፋም፣ እንዳይቆስል፣ እንዳይደማ ይጠነቀቃል። እኔ ይህን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ፍሬው ቤት ገብቶ ነጠላውን ከአፉ ሲያወርድ ጠርዙ ቀልቷል። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ አፉን ከፈተ። በጥርሶቹ መካከል ደም ነበር። የተመታ የለ፣ የቆሰለ የለ፤ ዝም ብሎ ከድዱ ይወጣል። ነጠላውን ከእጁ ነጠቅሁ።

«መቼ ጀመረህ?»

«ኸወጣሁ በኋላ ነው። በአባታችን አጥንት እታለም፣ መቅደስ ሳለሁ አልነበረም። ለአባባ እንዳትነግሪ!»

አባባ የሚለው አጎታችንን ነው። ለምን እነግራለሁ? እኔ ከእሱ ይልቅ ፈርቼ ነበር። «ቆርቦ ደም ተፋ» ሲባል ታየኝ። ቁርባኑ ፈረደበት ሲባል፣ በቆላ ምን ሠርቶ መጣ ሲባል፣ የእጮኛዬ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን ሲያነሡ፣ ሁሉም ታየኝ። ወንድሜ ሲሞት ግን አልታየኝም። ነጠላውን አጠብሁ፤ እጣቢውን እግር በማይረግጠው የአጥር ጥግ አፈሰስሁት። እጄን ደጋግሜ ታጠብሁ።

ከሙት ዓመቱ ድግስ ላይ ትንሽ እንደቀመሰ ሆዱን ያዘ። አጎቴ አዩት። «ተነሣ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አሉ። እንግዶቻቸውን ትተው፣ በቅሎ ላይ አስቀምጠውት፣ ልጓሙን ራሳቸው ይዘው ወሰዱን። እኔ ከኋላ እየተከተልሁ የማስበው ስለ ሆዱ አልነበረም። ሐኪም አፍህን ክፈት ቢለውስ እያልሁ ነበር።

አጎቴ በቅሎዋን ሲያስሩ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ቧንቧ ውሃ በእፍኜ ቀዳሁ። «ተጉመጥመጥ» አልሁት። ተጉመጠመጠ። ጉንጩን ሞልቶ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ የቆረበ ሰው ነው፣ አይተፋም። «ዋጠው» አልሁት። ዋጠው። ደግሜ ቀዳሁለት፤ ደግሞ ዋጠው። ጥርሱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ደሙን አስዋጥሁት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ተረኛዋ ነርስ ወጣት ናት፤ ቀደም ሲል አፋር ሠርታ ነበርና ሎግያ ሲባል ፊቷ ተለወጠ። ጣቱን ወግታ ወባ መረመረች፤ የለም። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ጠየቀች። የምትለው ሁሉ ዛሬም በጆሮዬ አለ።

«እዚያ አገር ትንኝ የምታመጣው ወባ ብቻ አይደለም» አለች። «ቫይረሶች አሉ፤ ሲጀምሩ ሁሉም ትኩሳት ናቸው፣ ይመሳሰላሉ። መመርመሪያ እዚህ የለኝም፤ የምለየው እናንተ በምትነግሩኝ ምልክት ነው። ችኩንጉንያ ከሆነ መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ያሳብጣል፤ ያሰቃያል እንጂ ብዙ አይገድልም። ዚካ ዓይን ያቀላል፣ ቀለል ይላል፤ የሚፈራው ለነፍሰ ጡር ነው። ደንጊ ግን ከዓይን ጀርባ ያማል፣ ክፋቱም ትኩሳቱ ሲለቅ ነው። ያኔ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል፣ ከድድና ከአፍንጫ ደም ይመጣል። ይህ ካለ አሁኑኑ ሆስፒታል ነው የምልከው።»

አንብባችሁታል? እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የተናገረችው በወንድሜ ላይ ያየሁትን ሁሉ ነው። አጎቴ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ የመቁጠሪያቸው ድምፅ ይሰማኛል።

አፉን አስከፈተችው። በባትሪ አየች። ነጭ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ «ደም አይታችሁበታል? ከድዱ? ከአፍንጫው?»

«የለም» አልሁ።

«ሆዱስ?»

«ጾሞ ውሎ ድግስ በልቶ ነው።»

ቁርጭምጭሚቱን ስትጫነው አቃሰተ። እኔም ቶሎ ብዬ «አዎ ሲስተር፣ ያስቸገረው መገጣጠሚያው ነው፤ ጉልበቱ፣ ጣቱ፣ እሱ ነው» አልሁ። ማን ጠየቀኝ? ወንድሜ አፉን ዘግቶ ያየኝ ነበር። ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም፤ ንገሪያት ይሁን፣ ዝም በይ ይሁን። ለማወቅም አልፈለግሁም።

ነርሷ የሕመም ማስታገሻ መርፌ አዘጋጀች። ከመውጋቷ በፊት አንዴ ቆም አለች። «ደም ካለ ይህ መርፌ ያባብሰዋል፤ እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። ይህችን ያህል ዕድል ለማን ይሰጣል? እግዚአብሔር በዚያች ልጅ አፍ ደግሞ ጠየቀኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልሁ።

ወጋችው። ሕመሙ ጋብ አለለት፤ በቅሎዋ ላይ ሆኖ እንዲያውም ቀለደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ያስመልሰው ጀመር፤ የሚወጣው ጥቁር ነበር። እጁ ቀዘቀዘ። የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸከሙት፤ አጎቴ ራሱን ደግፈው ከጎኑ ይሮጣሉ፣ ጥምጥማቸው ተፈቶ ወድቆ ማንም አላነሣውም። ነርሷ መንገድ ላይ አግኝታን ስታየው ጮኸች። ላሊበላ ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈ። አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ አሁን ደሙን ሁሉም ሰው አየው። አጎቴም አዩት። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ ከዚያ ግንባሩን ሳሙት።

ለቅሶው ላይ ነርሷ መጥታ ከእግሬ ሥር ተደፋች። «ሳልለየው ገደልሁት፣ ሁሉን ጠይቄ ነበር፣ የቱ አመለጠኝ?» እያለች አነባች። እኔ ምን አልሁ? እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ «እግዜር ያመጣው ነው፣ አታልቅሺ» አልሁ። አጽናናኋት! ከዚያ በኋላ ሥራዋን ትታ ሄደች አሉ። የት እንዳለች አላውቅም። የእኔን ሸክም ተሸክማ ነው የሄደችው፤ እኔም እያየሁ ሸኘኋት።

ሠርጌ ከዓመት በኋላ ሆነ። ከነውሸቴ ቆረብሁ። አፌን ሸፍኜ እስከ ቤት በምላሴ ጥርሴን እየዳሰስሁ የደም ጣዕም ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ የባሰ አስፈራኝ። ባሌ ቄስ ሆነ። ሰው ይነሣልኛል፣ ያከብረኛል። ላጣው የፈራሁት ሁሉ በእጄ ገባ። አሁንም ከልጆቼ አንዱ ጥርሱ ሲነቃነቅ እጮኻለሁ፤ ሰው ይስቅብኛል፣ ቅብጠት ይመስላቸዋል።

እንዲህ እየኖርሁ ሳለ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት የቆረበ ልጇ ነስሮት፣ አፍንጫውን በነጠላ አፍና፣ እያለቀሰች አጎቴ ዘንድ መጣች። አጠገባቸው ነበርሁ። ያን የምፈራውን ፊታቸውን ጠበቅሁ። አጎቴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። የልጁን ራስ ዳበሱና «ምን ያስለቅስሻል? በሽታ ኃጢአት አይደለም። በየጊዜው የሚነስረው ከሆነ ነገ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው» አሏት። ይኸው ነው። ፊታቸው አልተለወጠም።

ያን ቀን ቆሜ ቀረሁ። ለካ ለዚህ ነበር? የፈራሁት እሳቸውን ሳይሆን በራሴ ልብ የሠራሁትን ሌላ ሰው ኖሯል። እውነቱን ብናገርም ላይተርፍ ይችል ነበር የሚል ሐሳብ አንዳንዴ ይመጣልኛል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አልቀበለውም፤ መትረፉን እንዲሞክር እንኳ አልተውሁትም። ትዳሬን ፈርቼ ነው፣ ልጅ ነበርሁ፣ እሱም አትንገሪ ብሎኛል፤ ይህንንም አልቀበለውም።

አጎቴ ሰሞኑን ታመው ተኝተዋል። ዛሬ ልሄድ ነው፤ ነጠላዬን ለብሻለሁ። እንዲምሩኝ አልለምንም። ንስሐው የፈለገውን ያህል ይክበድ፣ ከባሌ ቤት ብወጣም፣ ሰው ቢተፋብኝም ግድ የለኝም፤ እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ በደከመ ዓይናቸው አይተውኝ፣ «ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትነግሪኝ እኔው አዝዬው እሄድ አልነበረም?» እንዳይሉኝ።