የሜዳው ጫፍ ሱቅ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ አልሰማ ብሎኝ ደሴ ፒያሳ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ ካውያውን አግሎ ስታኞውን፣ ያቺን ሽቦ ከሽቦ የምታጣብቀዋን ለስላሳ ብረት፣ ሲያስነካት ጢሷ ብን ብሎ አፍንጫዬ ገባ። ከዚያ ወዲያ ልጁ የሚለኝን አልሰማሁም። የሙጫና የጋለ ብረት ሽታ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሸተው አስነጥሶ ያልፋል። እኔን ግን ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ መካነ ሰላም አውሮፕላን ሜዳ ጫፍ፣ ከጋሽ ይመር መስኮት ሥር አቆመኝ። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ ልጁ። «ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ደግ ልጅ ነው፣ አልተቀየመኝም።

አባቴ የሜዳው ዘበኛ ነበር። ዘበኛ ይባል እንጂ የሜዳው ሁሉ ነገር እሱ ነው። ከብት ያባርራል፣ ፍልፈል የቆፈረውን በአካፋ ይደፍናል፣ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እርጥብ ሣር ለኩሶ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ በጢሱ ለአብራሪዎቹ ያሳያል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻውን የቆመ ነበር፤ እናቴ «ከጅብ በቀር ጎረቤት የለኝ» እያለች ስትነጫነጭ ነው ያደግሁት። በሳምንት ሁለት ቀን ዳኮታ የሚሉት አውሮፕላን ይመጣል። በሩ ሲከፈት የቤንዚን ሽታ፣ የፖስታ ከረጢት፣ ፊታቸው የገረጣ ነጋዴዎችና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች አብረው ይወርዳሉ። ያን ቀን እናቴም አትነጫነጭም።

ጋሽ ይመር በዚያው በዳኮታ ነው የመጣው። የዚያው የወሎ ቦረና ልጅ ነው፤ በጉርምስናው አዲስ አበባ ገብቶ የአውሮፕላን ራዲዮ በሚሸጥና በሚጠግን የፈረንጅ ኩባንያ ውስጥ ሙያ ተምሯል። ኩባንያው፣ አባይን ወዲያና ወዲህ ለሚሻገሩት አብራሪዎች እዚያው አገር ቤት አንድ ሱቅ ልክፈት ብሎ አሰበና ቦታ እንዲመርጥ እሱን ላከው። ለአውሮፕላኑ ዕቃ፣ ለአገሬው ደግሞ የቤት ራዲዮ እንዲሸጥ ነው። ከስንቱ ከተማ መካነ ሰላም ለምን እንደተመረጠች እስከ ዛሬ አይገባኝም። እሱን ሲጠይቁት «አገሬ ናታ! ሌላ ምን ምክንያት ትፈልጋላችሁ?» ይል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከካኪ ኮቱ ኪስ ካቻቢቴ የማይጠፋ ሰው ነበር።

ከከተማዋ ውስጥ ሱቁ የት ይሁን የሚለው ክርክር የተካሄደው በአውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ሥር ነው። ሽበታሙ ካፒቴንና ወጣቱ ረዳቱ እናቴ ያቀረበችላቸውን የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ይሟገታሉ፤ ጋሽ ይመርና አባባ ቆመው ያዳምጣሉ፤ እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ።

«ከዚህ ከሜዳው ጫፍ የተሻለ ምን ቦታ አለ?» አለ ካፒቴኑ። «ራዲዮዬ ዝም ባለኝ ቁጥር ገበያ ለገበያ ልፈልገው ነው?»

ወጣቱ ሳቀበት። «እኛ በሳምንት ሁለት ቀን የምናርፍ ወፎች ነን። ወፍ ታምኖ ሱቅ ይከፈታል? ይመር፣ ገበያው መሐል ክፈት፤ ሰው ያለበት።»

«ገበያው ጎድጓዳ ነው። አንቴናው ምን ይሰማል?»

«ሰው ይሰማላ! ራዲዮ የሚገዛው ሰው አይደል?» ካለ በኋላ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለነገሩ የሚገዛም ከተገኘ ነው። ከላይ ያየነውን ለምን አትነግረውም?»

ካፒቴኑ ቆሎውን መቆርጠም ተወ። «ምን አያችሁ?» አለ ጋሽ ይመር።

«በምሥራቅ በኩል አውድማው ባዶ ነው» አለ ወጣቱ። «የመኸር ወር ሆኖ አንድ ክምር አላየንም። መንገድ ላይ ሰው ብቻ ነው የሚታየው፤ ዕቃውን ተሸክሞ።»

ካፒቴኑ «የዝናብ ነገር እግዜር ያውቃል» ብሎ ወሬውን ቆረጠና ወደ አባቴ ዞረ። «አያ ደምሴ፣ አንተ ያገሩ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረደን።» እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ የእሷ ልብ ወሬው ላይ ቀርቶ ነበር። የአባባ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ለኩባንያውም፣ ለአንቴናውም ደንታ አልነበረውም። ጎረቤት ነው የናፈቀው፤ ሲመሽ ዜና የሚያሰማው፣ ሲያስነጥስ ይማርህ የሚለው ሰው። «ሜዳው ዳር ይሁን» አለ። ሱቁም ሜዳው ዳር ሆነ።

ጭቃ ምርጊት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ሰፊ መስኮት። የመስኮቱ ሳንቃ ወደ ውጭ ሲታጠፍ መሸጫ ባንኮኒ ይሆናል። ከሱቁ ጎን ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ አንቴናውን ሰቀለ፤ ከአሮጌ አውሮፕላን የወለቀ የራዲዮ መናገሪያ ጠግኖ ዳኮታው ሲቃረብ «ነፋስ ከምዕራብ፣ ሜዳው ላይ ከብት የለም፣ ውረዱ» ይላቸዋል። ወዲያው አውሮፕላኑ ከደመናው ውስጥ ብቅ ይላል። ገበያተኛው አህያውን አቁሞ ያን ያያል። «ሰማይ ያናግራል» ተባለለት። እሱም ይስቃል እንጂ አይደለም አይልም ነበር።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው፤ የሁላችንም ልማድ ነው። በወሎ ጭንቀቱን የነገረህን ሰው በባዶ አትሸኝም፤ እስላም ሁን ክርስቲያን «አብሽር» ትለዋለህ፣ አይዞህ ማለት ነው። ጋሽ ይመር በየወሩ የሚካኤልን ማኅበር የሚጠጣ ሰው ሆኖ ከአፉ አብሽር አይለይም ነበር። ባትሪው ላለቀበት አብሽር፣ ላሟ ለጠፋባት አብሽሪ።

ከዚያ ያ ወጣት አብራሪ ከላይ ያየው ነገር እግር አውጥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። መጀመሪያ ከቆላው አምስት ስድስት ሰው መጣና ሜዳው ዳር ተቀመጠ። በሳምንቱ ሃያ ሆኑ፤ ከዚያማ ቁጥሩን ማን ያውቀዋል። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ እህል የሚመጣ ከሆነ በአውሮፕላን ነው፣ አውሮፕላን የሚጠራው ደግሞ ይመር ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ይሰለፋሉ። ከፊት የማትጠፋው የሺ የምትባል፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። «ጋሽ ይመር፣ በእመቤቴ፣ ይጥሩልን» ትለዋለች። «አብሽሪ» ይላታል። በመናገሪያውም ይጣራል። ዳኮታው ባረፈ ቁጥር አብራሪዎቹን ይለምናል። እነሱም ለአለቆቻችን እንነግራለን ይላሉ።

አንድ ቀን ዳኮታው ባዶውን መጣ። ወጣቱ አብራሪ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ይመር፣ መስመሩ ተዘግቷል፤ ከዛሬ በኋላ አንመጣም። እህል የሚታደለው ደሴ ነው፣ አውራ ጎዳናው ዳር። ወደዚህ የሚያመጣ የለም።»

«እነዚህንስ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ነዋ!»

ሽበታሙ ካፒቴን ከአውሮፕላኑ መሰላል ላይ ቆሞ ሜዳው ዳር የተቀመጠውን ሕዝብ አየ። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀና ገባ።

ጋሽ ይመር እውነቱን ነገራቸው። ማን ይመነው! እህሉን ለከተማ ሰው ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የሺ «እርስዎ አብሽሩ ብለውናል እኮ» አለችው። ያ ግንድ እስከቆመ ድረስ የሚነሣ አልተገኘም። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የሚያዩት አንቴናውን ነው። መናገሪያው የሚሰማው አውሮፕላን ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ፣ አሁን የሚያወጣው ሹክሹክታ ባዶ ነፋስ እንደሆነ ቢያስረዳቸውም እሺ አይሉም። ጠዋት ላይ የማይነሡ ሰዎች መታየት ጀመሩ። አባባ ፍልፈል የቆፈረውን የሚደፍንበት አካፋ ሌላ ሥራ ያዘ። ማንም ሳያዘኝ ከዚያ ሜዳ ላይ መጫወት ተውኩ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ይመር እቤታችን መጥቶ የአባባን መጥረቢያ ጠየቀ። አባባ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ገብቶታል። «በመንገድ የሚቀሩ አሉ፣ ይመር» አለው።

«እዚህ ከተቀመጡ ሁሉም ነው የሚቀሩት፣ አያ ደምሴ። ስጠኝ።»

ግንዱን ሥሩን ሲመታው ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገነደስና አንቴናው ሲንኮታኮት ግን የተነሣው ጩኸት፣ ኧረ እሱን አያሰማችሁ! የሺ «እጅህ ይቆረጥ! ልጆቼን ገደልክብኝ!» ብላ አፈር በተነችበት። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። እሱ መጥረቢያውን እንደያዘ ቆሞ «አዎ፣ ቆርጫለሁ! ከዚህ ምንም አይመጣም! እግራችሁ ሳይዝል ተነሡና ደሴ ግቡ!» እያለ ጮኸባቸው። ያን ቀን አንድም ሰው አብሽር አላለም። እየረገሙት ተነሡ፤ በአቀስታ በኩል የሚያወጣውን መንገድ ያዙ። አንዳንዱ ደረሰ፣ አንዳንዱ በመንገድ ቀረ። ጋሽ ይመር ግንዱ ላይ ተቀምጦ «አብሽሩ ባልላቸው ከወር በፊት ይነሡ ነበር» አለ። አባባ «ቦታውን የፈረድኩት እኔ ነኝ» ሊለው ፈልጎ ነበር። አላለውም።

ንጉሡ ወረዱ። ከተማው ውስጥ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የሕዝብ ጠላት ይፈለግ ጀመር። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ይሰብሰብ ተባለ። ጋሽ ይመር ካኪ ኮቱን እንደለበሰ መሐል ላይ ቆሟል፤ እግሩ ሥር የተቆረጠው አንቴና ተጥሏል። ለሕዝቡ እህል እንዳይመጣ ሽቦ የቆረጠ፣ ድኻውን ለመንገድ ሞት የዳረገ ተባለ። ሊቀ መንበሩ «ለዚህ ሰው የሚመሰክር ካለ ይውጣ!» አለ።

ማን ይውጣ? ያዳናቸው ሰዎች ደሴ ናቸው። እዚህ የቀረው ከተሜ ያየው መጥረቢያውን፣ የሰማው እርግማኑን ነው። ሁሉን ከሥሩ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ መጥረቢያው የማን ሆነና! እናቴ ጋቢውን ጎትታ «ልጅ አለህ» አለችው። አባባ ሁልጊዜ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ነበር፤ ያን ቀንም ጫማውን እያየ ዝም አለ። እኔም ጋሽ ይመር ሲጮኽላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሥር ዓመት ሞልቶኝ ነበር፣ አፍ ነበረኝ። እሱ ዙሪያውን ሁሉ ሲያይ ወደ እኛ ብቻ አልዞረም። አውቆ ነው፤ እኛን እንዳያስጠይቅ ነው። ወደ መኪናው ሲወስዱት በአጠገባችን አለፈና ቀና ሳይል «አብሽር፣ አያ ደምሴ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳ አንዲት ሴት ሁለት ልጆቿን አስከትላ ከአቀስታ መንገድ መጣች። ልጆቹ ፊታቸው ሞልቷል፤ እሷ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋለች። ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዳ ሳንቃውን አንኳኳች። የሺ ነበረች።

«ረግሜው ነበር» አለች ለአባባ። «ይቅር በለኝ ልለው ነው የመጣሁት። የት ሄደ?»

አባባ «ሄዷል» አለ።

«ሲመለስ ስጡልኝ» ብላ ዶሮዋን እኔ እጅ ላይ አደረገችና ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች።

ዶሮዋ እኛው ዘንድ ቀረች። ፋሲካ መጣ፣ እናቴ አይታ አለፈቻት። ዶሮዋም እንቁላሏን ታቅፋ ፈለፈለች። አባባ እስኪሞት ድረስ ከዚያች ዶሮ ዘር አንድ እንቁላል አልቀመሰም፤ ገዢ ሲመጣ «የሰው አደራ ናት» ብሎ ይመልሳል። ከዘሯ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በቅርጫት አድርጌ ደሴ ያመጣኋቸው ከእሱ ቀብር በኋላ ነው።

ጠጋኙ ልጅ ስልኬን ሰጥቶኝ «አሁን ይሰማል» አለኝ። እቤቴ ስገባ ቀያዮቹ ዶሮዎች ግቢው ውስጥ ይጭራሉ። እንቁላላቸውን ለተቸገረ እሰጣለሁ እንጂ አልበላም፣ አልሸጥምም። ጎረቤት የማን ናቸው ሲለኝ እኔም እንደ አባቴ የሰው አደራ ናቸው እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ልመስክር፤ የጋሽ ይመር ናቸው። ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ደሴ ግቡ ነበር ያለው።