የባባ ሰማያዊ ገመድ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ኃጢአቴን ከመናገሬ በፊት ቶፖሎጂ ምን እንደሆነ ለአባ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነውና ተውኩት።

በፈረንጆቹ 2013 ሳዑዲ፣ አል ኹበር ከተማ፣ ዐዚዚያ ሰፈር፣ አንድ የሒሳብ መምህር ቤት በሠራተኝነት ገባሁ። ባባ እላቸው ነበር። ቶፖሎጂ የሚሉት የሒሳብ ዘርፍ ያስተምራሉ። ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሰማያዊ ገመድ ተብትበው፣ ሁለቱን ጫፎች በማስቲሽ ገጥመው አስቀምጠዋል። "ይህ ሳይቆረጥ አይፈታም። ያንን በሒሳብ ካረጋገጥኩ ፕሮፌሰር እሆናለሁ" ብለው ለልጃቸው ሲነግሯት ሰማሁ። ሦስት ዓመት ለፍተውበታል።

እኔ ደግሞ የፈታይ ልጅ ነኝ። እናቴ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ጭኔ ላይ እየጣለችብኝ ነው ያደግሁት፤ የተተበተበ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። አንድ ቀን ሩዙ እስኪበስል ብዬ ገመዱን ኩሽና ወሰድኩት። በዚህ ሳብ፣ በዚያ አሾልክ፣ ሩዙ ሳይበስል ተፈታ። ሳልቆርጠው! ደብቄ እንደማስረው ማተቤ ክብ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

ያኔ ሮጬ "ባባ፣ ይፈታል!" ብል ምን ነበረበት? ሚስታቸው ማዳም "ኸላስ፣ በቃ፣ አገርሽ ግቢ" ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ገመዱን ቆረጥኩት፣ እንደመሰለኝ ተበተብኩት፣ በማስቲሽ ገጥሜ መለስኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ባባ ገመዱን ደብተራቸው ላይ ከሣሉት ጋር አስተያዩ። አልገጠመም። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ከዚያ፣ ጉድ በሉ፣ ገመዱን አምነው ደብተሩን ቀደዱ! "ሦስት ዓመት ሙሉ አሳስቼ ስዬ ኖሯል" አሏት ማዳምን። ደማም ከተማ ድረስ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። እኔስ? ሻይ አቀረብኩ። አፍ አልነበረኝም?

ከዜሮ ጀምረው አራት ዓመት ለፉና አረጋገጡ፤ ፕሮፌሰር ሆኑ። ማዳም እልል አለች። እኔም እልል አልኩ፤ ምን ዓይነት ደረቅ ነኝ?

"እንዲያውም ለሹመት አበቃሻቸው" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አትበሉ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አያምኑም፤ የጻፉትን ሁሉ ልጃቸውን ጠርተው "እስኪ እይልኝ" ይላሉ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በ2019 ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶልኝ ስሰናበት ባባ ገመዱን በስጦታ ሰጡኝ። "ይህን ሁሉ ዓመት አቧራውን ስትጠርጊ አንድ ቀን እንኳ አልነካካሽውም። ታማኝ ነሽ" አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ።

አውሮፕላን ውስጥ ልፈታው ሞከርኩ። ቤቴም ገብቼ ሞከርኩ፤ ዛሬም ሩዝ በጣድኩ ቁጥር እሞክራለሁ። ባባ ልክ ናቸው። አይፈታም።